መልስ፦ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ሂጂ

እህቴ፣ አባታቸው የሞተባቸውን የጎረቤት ልጆች በምን ልርዳ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እስከ ሠልስት ቤቱ ሰው ይሞላል፤ ንፍሮውም ቡናውም አይጎድልም። የዕድሩ ድንኳን ሲነሳ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ነው። ያኔ ሂጂ። ቅዳሜ እመጣለሁ ካልሽ ደግሞ ቅዳሜ ይሁን፤ ልጅ በር በሩን ያያል።

እኔ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ የቤት ሥራ አስጠና ነበር። ለሳምንታት ስለ አባቱ ትንፍሽ አላለም። አንድ ቀን እርሳስ እየቀረጸ፣ «አባዬን እዛ ይበርደዋል?» አለኝ። የሞተ ሰው አይበርደውም፣ አያመውም አልኩት። ዝም ብሎ መቅረጹን ቀጠለ።

«ሩቅ አገር ሄዷል» አትበያቸው። ትንንሽ ልጆች ሞት መመለሻ እንደሌለው ገና ስለማይገባቸው ይጠብቃሉ። ወንዱን «ከእንግዲህ አባወራው አንተ ነህ» ማለትም ይቅር (ይሄ እኔን በጣም ያናድደኛል)። አልቅሶ ወዲያው ኳስ ቢጫወት አይግረምሽ። አሜሪካ ፖርትላንድ ያለው ዳጊ ሴንተር እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሐዘንተኛ ልጆችን የሚረዳው በአብዛኛው በጨዋታ ነው፤ በጎ ፈቃደኞቹም ሠልጥነው ነው የሚገቡት።

እናታቸውን መጀመሪያ አስፈቅጂ። ከፈቀደች ልጆቹን ይዘሽላት ውጪ፤ ሁለት ሰዓት እንኳ ትተኛበታለች።