ስለ አያቶቻችን ርስት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቅድመ አያቴ ጎጃም ውስጥ ርስት ነበራቸው ይባላል። የእሳቸው ብቻ እንደነበረ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የእሳቸው ብቻ አልነበረም። የጎጃምና የጎንደር ርስት የዘር ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከአቅኚው አባት የወረደ ሁሉ፣ በወንድም ይሁን በሴት፣ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። አንዱ ገበሬ በአባቱ እዚህ፣ በእናቱ እናት ደግሞ ወንዝ ማዶ ተካፋይ ይሆን ነበር። መጠየቅና ማረስ ግን ለየቅል ነበሩ፤ መሬቱ ይገኝ የነበረው ትውልድ ቆጥሮ፣ ሽማግሌ አሳምኖ፣ ብዙ ጊዜም ተሟግቶ ነው። አያቴ ማታ ማታ እሳት ዳር አስቀምጠው ትውልድ ያስቆጥሩኝ ነበር። ስም ከዘለልኩ ጉልበቴን በመቋሚያቸው መታ ያደርጉኛል፤ በተለይ የሴት ስም ከዘለልኩ። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የመሬቱ ሰነድ እኔ ኖሬያለሁ! ልጄ፣ የእናትን ወገን አትዝለል።

ጥያቄ፦ በአያቴ ስም የተቆረጠ የግብር ደረሰኝ አለኝ። አይበቃም?

መልስ፦ ግብር መክፈላቸውን ያሳያል። ለወንድሞቻቸውና ለእኅቶቻቸውም ከፍለው ሊሆን ይችላል። አሁንም የእናትን ወገን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አያቴ ባለ ጉልት ስለነበሩ ርስቱ ሁሉ...

መልስ፦ ርስትና ጉልት አትቀላቅሉ ብዬ ስንቴ ልናገር? ርስት መሬቱ ነው፤ ጉልት ከባለ ርስቱ ግብር የመቀበል ሥልጣን ነው። ጉልት በ1958 ዓ.ም. ቀረ።

ሌላ ተሳታፊ፦ በሸዋ ግን መሬት በቃላድ፣ በመለኪያ ገመድ፣ እየተለካ በጋሻ ይሰጥ ነበር። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ነው።

ሌላ ተሳታፊ፦ የለም፣ ጋሻ እንደ መሬቱ ለምነት ይሰፋል፣ ይጠባል።

መልስ፦ 40 ሄክታር ግምት ነው፤ ይለያያል። ጥያቄው የጎጃም ነበር።

ጥያቄ፦ ስለ ርስት ታሪክ ቢያብራሩልን።

መልስ፦ የቱን? የየት አገሩን? የየትኛውን ዘመን?

ጥያቄ፦ የእኛ መብት መቼ ተቋረጠ?

መልስ፦ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ባደረገው በአዋጅ ቁጥር 31። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ የተጣለውን ጣሪያ ነው። ለርስት አገር የከበደው ሌላው ነው፦ ገበሬው ያርሰው የነበረውን ይዞ ይቀጥላል፤ የትውልድ አገሬ ነው ብሎ ሌላ ቦታ ድርሻ መጠየቅ ግን ቀረ። ወንዝ ማዶ ያለው የእናት እናት ድርሻ በዚያ ቀን አበቃ።

ጥያቄ፦ ዛሬ ማስመለስ ይቻላል?

መልስ፦ ጠበቃ አይደለሁም። ሕገ መንግሥቱን፣ ስለ ንብረትና ስለ መሬት የሚናገረውን አንቀጽ 40ን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ አያቴ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ምን ልጠይቃቸው?

መልስ፦ የእናታቸውን እናት ስም። ዛሬ ማታ።