ጓሯችን ስለሚመጡ ወፎች ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ጓሮ ድረስ ስለሚመጡ የዱር ወፎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። በነገራችን ላይ እኔ ተመልካች እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ ለታመመ ወፍ መድኃኒት የጠየቃችሁኝ ይቅርታ።

ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ልገዛ ብዬ 8 በ42፣ 10 በ50 የሚል ቁጥር አየሁ። ምን ማለት ነው? የቱ ይሻለኛል?

የመጀመሪያው ስንት እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ ነው። ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሰፊ ሲሆን ብርሃን በደንብ ያስገባል፣ ግን ይከብዳል። ለጓሮ 8 በ42 ከበቂ በላይ ነው። 10 ሲሆን የእጅዎ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። ከመግዛትዎ በፊት ቅርብ ያለ ነገር ማጥራት መቻሉን ይሞክሩት፤ የጓሮ ወፍ ሦስት ሜትር ላይ ልትቀመጥ ትችላለች። ሲጠቀሙ ደግሞ ዓይንዎን ከወፏ ሳይነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይንዎ ያምጡት። መነጽሩን ካደረጉ በኋላ ወፏን ፍለጋ ከገቡ አለቀ፣ በርራለች።

ለእኔ ሁሉም «ትንሽ ቡኒ ወፍ» ነው። እንዴት ልለያቸው?

ቀለሙን ለጊዜው ተወው። ቀለም በብርሃን ይለዋወጣል። ወንድና ሴት፣ ትልቅና ልጅ ቀለማቸው ሊለያይ ይችላል። መጀመሪያ መጠኗን ገምት፦ ከድንቢጥ ታንሳለች? ከእርግብ ትበልጣለች? ቀጥሎ ምንቃሯን እይ። አጭርና ወፍራም ከሆነ ጥራጥሬ ፈልቃቂ ናት። ቀጭንና ሹል ከሆነ ነፍሳት ለቃሚ። ረዥም፣ ቀጭንና ጎበጥ ያለ ከሆነ ብዙ ጊዜ የአበባ ማር ቀሳሚ ናት። ጫፉ ወደ ታች የተቆለመመና ስለታም ከሆነ ሥጋ በሊታ ልትሆን ትችላለች።

ከዚያ አመሏን ተከታተል። ድንቢጥ መሬት ላይ ሁለት እግሯን ገጥማ ትዘላለች፤ እርግብ ግን አንድ በአንድ እየረገጠች ትራመዳለች። የእርግብን ጭንቅላት ልብ ብለህ እየው። የሚነቀነቅ ይመስላል እንጂ አይደለም። ጭንቅላቷን ወደ ፊት ወርወር ታደርግና አየር ላይ ቀጥ ታደርገዋለች፤ ገላዋ ከሥር ይደርስበታል። ከዚያ እንደገና። ቀጥ ባለችበት ቅጽበት አካባቢዋን አጥርታ ታያለች። ይህን አንዴ ካየህ እርግብን ድጋሚ ዝም ብለህ አታልፋትም።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ላቦራቶሪ ያዘጋጀው መርሊን የሚባል ነፃ የስልክ መተግበሪያም አለ። በፎቶም በድምፅም ይለያል፣ ግን ይሳሳታል። የነገረህን በዓይንህ ሳታረጋግጥ አትመን።

የዳቦ ፍርፋሪ እሰጣቸዋለሁ። ጥፋት ነው?

አልፎ አልፎ ትንሽ ብትሰጪ አትገድያቸውም። ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ገላ አይገነባም። የሻገተና ጨው የበዛበት ነገር በፍጹም አትስጪ። ወተትም አይሆንም፣ ወፍ መፍጨት አይችልም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ከምግብ ይልቅ ውሃ አስቀምጪ። ጥሬ የማይበሉትም ጭምር ይመጡልሻል። ዝርግ ሳህን ይበቃል። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይሁን፤ መሃሉ ላይ የሚቆሙበት ሸካራ ድንጋይ አድርጊ። በየቀኑ ቀይሪው፣ አለበለዚያ ለትንኝ ነው የምትደግሺው። ቁጥቋጦ ሥር ደግሞ አታስቀምጪው፣ ድመት ታደባበታለች።

ምግብ ካስለመድናቸው ስደተኞቹ ወፎች መሄዱን አይተዉትም?

አይተዉም። ጉዟቸውን በዋናነት የሚያስጀምረው የቀኑ ርዝመት ለውጥና ውስጣቸው ያለው ሰዓት ነው። የእናንተ ሳህን ስንቅ ነው።

ልጄ የወደቀች ጫጩት አነሳች። ሰው የነካውን እናቲቱ ትተዋለች ይባላል፣ እውነት ነው?

ተረት ነው። ወፍ በሰው ሽታ ምክንያት ልጇን አትጥልም። ጫጩቷ ላባ አውጥታ የምትዘል ከሆነ አልጠፋችም፤ መብረር እየተለማመደች ነው። ወላጆቿ አቅራቢያው አሉ። አደጋ ላይ ከሆነች ብቻ እዚያው አጠገብ ያለ ቁጥቋጦ ላይ ያስቀምጧት። ገና ራቁቷን ከሆነች ጎጇዋን ፈልገው ይመልሷት። ውሃ ግን አፏ ውስጥ አያንጠባጥቡ! የአየር ቧንቧዋ ቀዳዳ ከምላሷ ኋላ ስለሆነ ውሃው ሳንባዋ ይገባል። ብዙ ደግ ሰው ጫጩት የሚገድለው እንዲህ ነው።

አንዲት ወፍ ጠዋት ጠዋት መስኮቴን ትደበድባለች። ምን ፈልጋ ነው?

ጠብ። መስታወቱ ላይ የምታየውን የራሷን ምስል ግዛቷን ሊነጥቅ የመጣ ባላንጣ አድርጋዋለች። በመራቢያ ወቅት ይብሳል። መስታወቱን በውጭ በኩል ለጥቂት ሳምንታት ሸፍኚው።

በርራ መጥታ የምትጋጨዋ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። እሷ ያየችው መስታወቱ ላይ ያረፈውን ሰማይና ዛፍ ነው። መፍትሔው በውጭ በኩል ነጠብጣብ ወይም መስመር ማድረግ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ5 ሴንቲሜትር አይብለጥ። ያቺ ሰው ሁሉ የሚለጥፋት አንዲት የጭልፊት ምስል ብቻዋን ምንም አትፈይድም። ተጋጭታ የደነዘዘችውን ቀዳዳ ባለው ካርቶን ጨለማና ጸጥታ ውስጥ አኑሪያት። ምግብም ውሃም አትስጫት። ስትነቃ ውጭ ወስደሽ ክፈቺላት።

ድመት አለኝ።

እንግዲያው ድመቷ ቤት ትዋል።

የመመገቢያው ሳህን ላይ ላባዋን ነፍታ የምታንቀላፋ ወፍ አየሁ።

ታማለች። ሳህኑን አንሳውና ለሁለት ሳምንት ያህል ምግብ አታውጣ፤ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ በሽታ ይዛመታል። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠህ እጠበው፣ በደንብ አለቅልቀው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅል። የእጅ ጓንት አድርግ።

አንድ ነገር ብቻ አድርግ ብትለኝ?

ፀረ ተባይ መርጨት አቁም። ጥሬ የሚበሉት ወፎች እንኳ አብዛኞቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትልና በነፍሳት ነው። ትል የሌለበት ጓሮ ለእነሱ ባዶ ቤት ነው።

ለፎቶ ጎጆው አጠገብ ብሄድስ? ድምፃቸውን ከስልክ እያጫወትኩ ብጠራቸውስ?

ሁለቱንም ተው። ድምፁን ስታጫውት ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣ መስሎት ጫጩት መመገቡን ትቶ ጠላት ፍለጋ ይባዝናል። ጎጆ ስትጠጋ ደግሞ ቁራና ድመት አንተን ተከትለው ቦታውን ሊያውቁት ይችላሉ። ወፏ በአፏ ትል ይዛ ቅርንጫፍ ላይ ከቆመችና ወደ ጎጇዋ ካልገባች፣ አንተ እስክትሄድላት እየጠበቀች ነው። ወደ ኋላ ተመለስ፣ ከመስኮት ሆነህ አንሳት።