ካሜራው በዋይፋይ ይታያል፣ በዳታ ግን እምቢ አለ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ባህር ዳር ሽምብጥ ያለው ቤታችን በር ላይ ካሜራ አስገጥሜያለሁ፣ እናቴ ብቻዋን ስለሆነች እኔ ደግሞ ስራዬ ጎንደር ስለሆነ። ቤት ሆኜ በዋይፋይ ስከፍተው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ከግቢ ወጥቼ በዳታ ስሞክር ግን የለም። የገጠመልኝ ልጅ ራውተሩ ላይ ፖርት 8000 (ከውጭ ወደ ካሜራው የሚያስገባ መግቢያ) ከፈተ፣ አልሰራም፣ አሁን ራውተር ቀይሪ እያለኝ ነው። ልቀይር?

መልስ፦ እህቴ አትቸኩይ፣ ብርሽን ያዢ። መጀመሪያ ቤት ስትሄጂ ራውተሩ ውስጥ ገብተሽ ስታተስ ላይ ዋን አይፒ የሚለውን ቁጥር እዪ፣ ኢንተርኔት አቅራቢው ለራውተሩ የሰጠው አድራሻ ነው፣ ከዛ በዛው ዋይፋይ ኢንተርኔት ላይ አይፒ ከሚያሳዩት ሳይቶች አንዱን ክፈቺና አስተያዪ። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ቤትሽ ከውጭ የሚታወቅ የራሱ አድራሻ የለውም ማለት ነው፣ አንዱን አይፒ ከብዙ ደንበኛ ጋር ነው የምትጋሪው። ልጁ የክፍልሽን በር ከፈተ፣ የግቢው በር ቁልፍ ግን ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ነው፣ እናንተ ጋ አይደለም። ራውተር ብትቀይሪም ያው ነው።

እውነቱን ለመናገር አድራሻ ቢኖርሽ እንኳ ፖርት ክፈቺ አልልሽም። በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ወደ 60 የሚጠጉ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን እየሞከረ ስንቱን ካሜራና ራውተር እንደያዘ፣ በነሱ ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስ ሳይቀሩ እንደተቋረጡ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ የከፈተውን ያጥፋው፣ ዩፒኤንፒ የሚለውንም፣ ማለትም መሳሪያዎች ራሳቸው ፖርት እንዲከፍቱ የሚፈቅደውን፣ አብሮ ይዝጋው።

ላንቺ የሚሆነው ፒቱፒ ነው፣ አንዳንዱ ካሜራ ላይ ክላውድ ይለዋል። ካሜራው ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ስለሚገናኝ አይፒ መጋራትሽ አያግደውም። የአምራቹን አፕ አውርደሽ ካሜራው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ ስካን ማድረግ ነው።

እዚህ ጋ ግን በደንብ ስሚኝ፣ አካውንቱ ባንቺ ስልክ ይከፈት። ብዙ ገጣሚዎች ለክፋት ሳይሆን ስራው ቶሎ እንዲያልቅ ብለው በራሳቸው አካውንት አስገብተው ለደንበኛው ሼር ያደርጋሉ፣ ያኔ የካሜራው ባለቤት እሱ ነው፣ አንቺ እንግዳ ነሽ፣ የእናትሽን መውጫ መግቢያ የማታውቂው ሰው ስልክ ላይ ሁሌም ይታያል። እሱ ጋ ካለ ዛሬውኑ ከአካውንቱ እንዲያወጣው አድርጊና አንቺ እንደ አዲስ አስገቢው፣ የካሜራውን የአድሚን ፓስወርድም ቀይሪ፣ ስልክ ቁጥርና የልደት ቀን አይሁን። በሰው ሰርቨር ማለፉ ከከበደሽ ቴይልስኬል የሚባል ቪፒኤን አለ፣ ስልክሽንና ቤትሽን በተቆለፈ መስመር የሚያገናኝ፣ ያለ ፖርት ይሰራል፣ ግን ቤት ውስጥ ሁሌ የሚበራ ኮምፒውተር ይፈልጋል።

ስታዪ ደግሞ ሰብስትሪም የሚለውን፣ ጥራቱ ዝቅ ያለውን ትንሹን ምስል፣ ምረጪ፣ ዋናው ምስል በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ከሆነ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ዳታ ይበላል፣ ትንሹ በግማሽ ሜጋቢት 225 ሜጋባይት ገደማ ነው።

ሜሞሪ ካርድም ይግባበት፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ እሱ ላይ ይቀዳል። መብራት ሲጠፋ ግን ያው ሁሉም ይጠፋል፣ ለራውተሩና ለካሜራው ትንሿን ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምታቆየውን፣ ግዢላቸው፣ ከመግዛትሽ በፊት የሁለቱንም ቻርጀር ቮልት እዪ፣ ብዙዎቹ 12 ናቸው ግን 9 እና 5ም አለ።