የቨርቹዋል ማሽን የኔትወርክ ደንቦችን በትእዛዝ መስመር ስለማንበብ፦ ለሥራ ፈላጊ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂ፣

የቨርቹዋል ማሽኖችን (በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን) የፋየርዎል (የኔትወርክ ማጣሪያ) ደንቦች እስካሁን በድረ ገጽ መቆጣጠሪያ ብቻ ሲመለከቱ መቆየትዎን፣ ያመለከቱበት የክላውድ ሥራ ግን ይህንኑ በትእዛዝ መስመር ማከናወንን እንደሚጠይቅ ገልጸው፣ ትእዛዞቹን በቃልዎ መያዝ ይኖርብዎ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይኖርብዎትም፤ አጻጻፋቸው ከመመሪያው በቀላሉ ይገኛል። ቀጣሪ የሚፈልገው የወጣውን ዝርዝር አንብቦ ፓኬቱ (በኔትወርክ የሚላከው የመረጃ ቁራጭ) የት ላይ እንደቀረ በማስረጃ የሚያሳይ ባለሙያ ስለሆነ፣ የዝግጅት ጊዜዎን በዚሁ ላይ እንዲያውሉት አጥብቄ እመክራለሁ።

ወደ ማሽኑ የሚገባ ፓኬት ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ማጣሪያ ያልፋል። በማይክሮሶፍት ክላውድ በአዙር፣ የደህንነት ቡድን (የማጣሪያ ደንቦች ስብስብ) በሰብኔቱም (ማሽኑ ባለበት የኔትወርክ ክፍል) በማሽኑ የኔትወርክ ካርድም ላይ ሊመደብ ስለሚችል፣ አንዱን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ ሁለቱ ተዳምረው በተግባር የሚሠሩትን ደንቦች የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ይልመዱ፣ ማሽኑ ከጠፋ ግን ውጤት አይሰጥም። ደንቦቹ ከትንሹ የቅድሚያ ቁጥር ጀምሮ ይታያሉ፤ ተጠቃሚው የሚጽፋቸው ከ100 እስከ 4096 ሲሆኑ፣ በመጨረሻ ያለው 65500 ሌላ ደንብ ያልፈቀደውን ገቢ ፓኬት ሁሉ ይከለክላል። በአማዞን ክላውድ ደግሞ የደህንነት ቡድን የፈቀደውን ግንኙነት ስለሚያስታውስ ምላሹን በራሱ ያሳልፋል፤ የሰብኔቱ ኤሲኤል (በሰብኔቱ ደረጃ የሚሠራ የደንቦች ዝርዝር) ግን አያስታውስም። በፖርት 443 (ደህንነቱ የተጠበቀ የድረ ገጽ ግንኙነት በሚጠቀምበት የመግቢያ ቁጥር) የሚገባውን ፈቅዶ ምላሹ የሚወጣባቸውን ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው ፖርቶች የዘነጋ ሰው ግንኙነቱ ለምን እንዳልሠራ ግራ ይገባዋል፤ ጀማሪዎች አዘውትረው የሚስቱት ይህንን ስለሆነ በደንብ ይለማመዱት።

በሊኑክስ ማሽኑ ውስጥ ያሉትን የአይፒቴብልስ (የሊኑክስ የፓኬት ማጣሪያ) ደንቦች ከነቆጣሪያቸው ሲዘረዝሩ፣ ከየደንቡ ጋር የገጠመው የፓኬት ብዛት ይታያል። ከሌላ ማሽን ሙከራ ልከው ዝርዝሩን እንደገና ሲያወጡ ቁጥሩ የጨመረበት ደንብ ፓኬቱን ያገኘው ነው፤ ለሙከራዎ የሚመለከተው ቆጣሪ ሁሉ ካልተነቃነቀ ችግሩን ከማሽኑ ውጭ ይፈልጉት። ሙከራው ወዲያው እምቢታ ከመለሰ ብዙውን ጊዜ ፓኬቱ ማሽኑ ጋ ደርሷል ማለት ነውና፣ በፖርቱ የሚያዳምጥ አገልግሎት መኖሩን የሚያዳምጡ ፖርቶችን በሚዘረዝረው የኤስኤስ (ss) ትእዛዝ ያረጋግጡ፤ ያለ ምንም መልስ ጊዜው ካለፈ ግን አንድ ደንብ በዝምታ እንደጣለው ይጠርጥሩ።

በቃለ መጠይቁ የተግባር ጥያቄ ቢቀርብልዎ፣ ደንብ ከመለወጥዎ በፊት ያለውን ዘርዝረው ያነበቡትን በቃል ያስረዱ። እስከዚያው ሁለት ማሽኖች አቁመው አንዱን ማጣሪያ ሆን ብለው ይዝጉና፣ ምክንያቱን እንዴት እንደደረሱበት ከትእዛዞቹ ውጤት ጋር በአንድ ገጽ ጽፈው ከማመልከቻዎ ጋር ያያይዙት፤ የአካውንት ቁጥሩንና የሕዝብ አይፒ አድራሻዎቹን ግን አስቀድመው ይሸፍኑ።