የሚረጋ ዘይት፣ ቅቤና የቀን ልኩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ላሉት እናቴ ባለ 5 ሊትር ዘይት ስወስድላቸው፣ እኔ ቤት ጥርት ብሎ የነበረው እዚያ አድሮ ረግቶ ይገኛል። እናቴ «የተቀየጠ ነው» ብለው ሊደፉት ነው። እውነት ነው? ለጤናስ በቀን የሚፈቀደው የሚረጋ ቅባት ምን ያህል ነው?
— ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እናትዎ አይድፉት። መርጋት ብቻውን የቅየጣም የብልሽትም ምልክት አይደለም። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ቅባት ነው፤ ቅንጣቶቹ ቀጥ ያሉ በመሆናቸው ሲበርዳቸው ተጠጋግተው ይረጋሉ። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ሌሊቷም ብርድ ነው። የወይራ ዘይትም በብርድ ስለሚረጋ፣ ትክክለኛው መለያ ጀሪካኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። «የአትክልት ዘይት» ብቻ የሚል ከሆነ የምን እንደሆነ አልነገረዎትም ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ይህ የሚረጋ (ሳቹሬትድ) ቅባት በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ገደማ ነው።

አሁን ጀሪካንዎን ይቁጠሩት። 5 ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ፓልም ከሆነ 2.3 ኪሎው የሚረጋ ቅባት ነው። አምስት ሰው በ30 ቀን ከጨረሰው ለእያንዳንዱ በቀን 15 ግራም ደረሰው፤ ሥጋና ወተት ገና አልተነኩም። ያው መጠን የሱፍ አበባ ዘይት ቢሆን 3 ግራም ተኩል ብቻ ነበር። ስለዚህ ሥጋ ከመቀነስ በፊት ዘይቱን መቀየር ይበልጥ ያዋጣል፤ ዋጋው ከከበደ ደግሞ የሚጨመረውን በማንኪያ መለካት። ከጀሪካኑ አፍ በቀጥታ ማንቆርቆር ነው ልኩን የሚያስተው። የኑግ ዘይትም ጥሩ ምትክ ነው።

ቅባቱ የሚጎዳው ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤልን፣ ከደም የሚለቅምበትን አቅም ስለሚቀንስ ነው። ቅቤውን ትቶ በምትኩ ስኳር የበዛበት ሻይና ነጭ ዳቦ ማብዛት ግን ልብን አይጠቅምም። የሚጠቅመው ምትኩ የማይረጋ ዘይት፣ ምስር፣ ሽምብራና ኑግ ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪም ኤልዲኤልህ ከፍ ብሏል ብሎኛል። ቅቤ ጭራሽ ልተው? ረቡዕና ዓርብ መጾሜስ አያካክሰውም?
— ከደሴ

መልስ፦ ዋናው የሳምንታት አማካይ እንጂ የአንድ ቀን ማዕድ ስላልሆነ ጾሙ ይረዳዎታል። ሽሮውና ምስሩ በፓልም ዘይት ከተጥለቀለቁ ግን የጾሙን ጥቅም ዘይቱ ወሰደው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በረመዳን በዚሁ ዘይት ለሚጠበሰው ሳምቡሳም እንደዚያው ነው።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር ኤልዲኤላቸውን መቀነስ ለሚገባቸው የሚረጋው ቅባት ከቀኑ ኃይል ከ6 በመቶ በታች፣ ማለትም በ2,000 ካሎሪ 13 ግራም ያህል፣ እንዲሆን ይመክራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ስቡ ያልወጣለት ወተት 4 ግራም ተኩል የሚረጋ ቅባት አለው። ሁለቱ ብቻ የቀኑን ልክ ይሞሉታል፤ ላትና ጮማ ሲጨመር ያልፋል።

ጭራሽ መተው አይጠበቅብዎትም። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በራሱ ውኃ ያቁላሉ፤ ሲይዝ ሙቅ ውኃ ጠብ ያድርጉበት። ከዚያ የሚለካ ፈሳሽ ዘይት ይጨምሩ። ቅቤውን ወጡ ሊወጣ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ፦ የኮሰረቱና የኮረሪማው መዓዛ ያለው ቅቤው ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ከገባ በእንፋሎት ይጠፋና ማብዛት ያምራል።

ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ይህ ቁጠባ እሱን አይመለከተውም፤ ለዕድገቱ ቅባት ያስፈልገዋል። መድኃኒት ከታዘዘልዎ ምግቤን አስተካክያለሁ ብለው አያቋርጡ፤ ምርመራውን ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ያስደግሙ።