ሳይንስን ወደው ነው ወይስ እኔን ፈርተው?

ጥያቄ፦ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ አክሽን ሪሰርች (መምህር የራሱን ክፍል የሚያጠናበት ጥናት) ሥሩ ስንባል «የተማሪዎቼ የሳይንስ ፍላጎት» የሚል ርዕስ ያዝኩ። ጓደኛዬ ለማስተርሱ የተጠቀመበትን 70 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ሰጠኝ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መልሼ ለ62 ተማሪዎች አደልኩ። «ሳይንስ መማር ያስደስተኛል» ለሚለው 57ቱ «በጣም እስማማለሁ» አሉ። እኔ በዓይኔ የማየው ግን ሌላ ነው። ከኋላ ያሉት ያንቀላፋሉ። እጅ የሚያወጡት ሁሌም ያው አምስት ልጆች ናቸው። ወረቀቱን ልመን ወይስ ዓይኔን?

መምህርት ነኝ፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀቱን አይጣሉት፤ ዓይንዎንም አይጠራጠሩ። ሁለቱ የሚያዩት የተለያየ ነገር ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውትዎ። ለ19 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። የመጀመሪያ መጠይቄን ያስሞላሁት በ1996 ዓ.ም. ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ ወረቀቱን በግራ ክንዱ ጋርዶ ይሞላል። አጠገቡ ያለው ደግሞ አንገቱን አስግጎ ሊቀዳ ይታገላል። ጥያቄው «ፊዚክስ እወዳለሁ» የሚል ነው። ትንሽ ቆይታ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ከስንት ነው የሚያዘው?» አለችኝ። ያኔ ገባኝ። እነሱ ፈተና ላይ ነበሩ። ፈተና ላይ ደግሞ ልጅ የሚፈልገው ትክክለኛውን መልስ ነው። የራሱን ስሜት አይደለም።

በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። ፊቱ ለቆመች መምህሩ «ትምህርትሽ አይጥመኝም» ብሎ ጽፎ የሚሰጥ ልጅ አላሳደግንም። ስለዚህ ሲያስሞሉ ስም አያስጽፉ። ማርክ እንደሌለው አስቀድመው ይንገሯቸው። ቢቻል ወረቀቱን የሚያድለውና የሚሰበስበው ሌላ ሰው ይሁን፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛም ቢሆን ይበቃል። እርስዎ ከክፍል ይውጡ። እኔ በሁለተኛው ዓመት ይህንን ብቻ ነበር የቀየርኩት። መልሱ ግን የሌላ ክፍል እስኪመስል ተለወጠብኝ።

ወደ መጠይቁ ልምጣ። 70 ጥያቄ ካለው፣ ባሪ ፍሬዘር የተባለ አውስትራሊያዊ የትምህርት ተመራማሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይመስለኛል። ከሆነ አሥር አሥር ጥያቄ ያላቸው ሰባት ክፍሎች አሉት። አንዱ ክፍለ ጊዜው ያስደስት እንደሆነ ይጠይቃል። ሌላው ከትምህርት ቤት ውጪ ስላለው ፍላጎት ነው። ሌላው ሳይንስን ሙያ አድርጎ ስለ መያዝ ነው። ሳይንቲስቶችን እንደ ማንኛውም ሰው ያዩ እንደሆነ የሚጠይቅም አለ። ሳይንስ ለኅብረተሰቡ ምን ይጠቅማል የሚል አለ። የቀሩት ሁለቱ መርምሮ ስለ ማወቅና ስለ ሳይንሳዊ አስተሳሰብ ናቸው። ሰባቱን ደምሮ አንድ ቁጥር ማውጣት ጤፉን በኪሎ፣ ዘይቱን በሊትር ሰፍሮ «ቤታችን 40 አለን» እንደ ማለት ነው። ክፍለ ጊዜውን እየወደደ ሳይንቲስት የመሆን ሐሳብ የሌለው ልጅ ሞልቷል። ክፍል ውስጥ እያንቀላፋ ቤቱ የተበላሸ ሬዲዮ ሲፈታ የሚያመሽም አለ። እነዚህን ሁለት ልጆች ለይቶ የማያሳይዎ ቁጥር ምን ያደርግልዎታል?

የ57ቱ ነገርም እዚህ ላይ ነው። ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የሚወርደው አምስት ደረጃ ሬንሲስ ሊከርት የተባለ አሜሪካዊ በ1932 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። የእሱ ዘዴ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይፈርድም። ስለ አንድ ጉዳይ ብዙ ዓረፍተ ነገሮች ይደረደሩና ነጥባቸው ይደመራል። እርስዎ የነገሩኝ የአንዱን ዓረፍተ ነገር መልስ ነው። ክፍለ ጊዜው ያስደስት እንደሆነ የሚጠይቁትን አሥሩንም ይደምሩና እንደገና ይዩት።

ከመደመርዎ በፊት ግን ትርጉሙን ይፈትሹ። በአማርኛ ትልቁ ጣጣ አሉታዊው ዓረፍተ ነገር ነው። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ አጠገቤ አስቀምጬ፣ የምታስበውን ጮክ ብላ እየተናገረች እንድትሞላ ጠየቅኳት። ዓረፍተ ነገሩ «የሳይንስ ትምህርት አይሰለቸኝም» ይላል። «አይሰለቸኝም… አልስማማም… እንዴ፣ አልስማማም ካልኩ ይሰለቸኛል ማለት ነው?» አለች። ሰረዘች። እንደገና ምልክት አደረገች። ያንንም ሰረዘች። ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ። ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ጥፋቱ የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው። በኋላ «የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይረዝምብኛል» ብዬ ለወጥኩት። አላደናገራትም። እርስዎም ሦስት አራት ልጆች ለብቻ ጠርተው እንዲህ ያስሞሏቸው። ከሁሉ በላይ የሚጠቅምዎት ይህች ግማሽ ሰዓት ናት።

ሙከራ ከመሥራትና ከማንበብ የቱን ትመርጣላችሁ የሚሉ ዓይነት ጥያቄዎችንም ይዩዋቸው። ቤተ ሙከራ ገብቶ የማያውቅ ልጅ ምኑን ከምኑ ያወዳድራል? እንዲህ ያለውን ያውጡት፤ ወይም መጀመሪያ አንድ ሙከራ፣ በሎሚ፣ በመዳብ ሽቦና በሚስማር ኤሌክትሪክ ማመንጨትም ቢሆን፣ ያሠሯቸውና ከዚያ ይጠይቁ።

አሁን ደግሞ ልጆቹን ልከራከርላቸው። ሁሉም ፈርተው ነው አልልም። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲው ስቬን ሾበርግና ካሚላ ሽራይነር «ሮዝ» የተባለ ጥናት መርተው ነበር። ወደ 40 በሚጠጉ አገሮች የ15 ዓመት ልጆችን ጠየቁ። ያገኙት ነገር አስገራሚ ነው። አገሩ በበለጸገ ቁጥር የልጆቹ መልስ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የዩጋንዳና የጋና ልጆች ስለ ሳይንስ ለቀረበላቸው ጥያቄ ሁሉ ማለት ይቻላል ከፍ ያለ መልስ ሰጡ። የኖርዌይና የጃፓን ልጆች ዝቅ አሉ። ሾበርግ ይህንን ሲያስረዱ፣ መማር ራሱ ዕድል በሆነበት አገር ልጆች ትምህርትን የሚያዩበት ዓይን የተለየ ነው ይላሉ። እኔም አምናለሁ። የእርስዎ 57 ልጆች ውስጥ እውነተኛ ረሃብ አለ። ማንቀላፋታቸው ፍላጎት የለም ማለት አይደለም፤ ምሳ ሳይበሉም መጥተው ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ሁሉም ልጅ ሁሉንም ነገር «እወዳለሁ» ካለ፣ የትኛውን እንደሚወድ አለማወቅዎ ነው። ሮዝ ለዚህ ያደረገው ነገር ደስ ይለኛል። ከ100 በላይ ርዕሶች ዘርዝሮ ስለ እያንዳንዱ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋላችሁ ብሎ ጠየቀ። የመልስ ሳጥኖቹ አራት ናቸው፤ መሃል ላይ «አልወሰንኩም» ብሎ መደበቂያ የለም። እርስዎ ደግሞ አሥራ ሁለት ርዕስ በቂዎ ነው። ሕልም ለምን እናያለን? የእንጀራ ዓይን ከየት ይመጣል? ስልክ ያለ ገመድ ድምፅ እንዴት ይወስዳል? ትንኝ ወባን እንዴት ታስተላልፋለች? «ሦስት ብቻ ምረጡ» ይበሏቸው። መምረጥ ግድ ሲሆን ይሉኝታ ቦታ ያጣል። የወንዶቹንና የሴቶቹን መልስ ለየብቻ ይቁጠሩት፤ በብዙ አገር ልዩነቱ የታየው እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻ የእኔን ካርቶን ልስጥዎ። የጫማ ካርቶን ክዳኑን በፕላስተር አሽጌ፣ አናቱን ቀድጄ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ስም የለ፣ ማርክ የለ፤ ያሳሰባችሁን ጥያቄ ጻፉና ክተቱ አልኳቸው። አርብ አርብ እከፍታለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ወረቀት ብቻ ነበር፤ አንዱ ባዶ። በሦስተኛው ሳምንት ከደብተር በተቀደደች ቁራጭ ላይ «መብረቅ የሚጀምረው ከሰማይ ነው ከመሬት?» የሚል አገኘሁ። ጽሕፈቱን አወቅኩት። ዓመቱን ሙሉ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ነው። መጠይቁ ላይ «አልወሰንኩም» እያለ የወረደውም እሱ ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ በየሳምንቱ ስንት ጥያቄ እንደገባ ይመዝግቡ። መጠይቁን ጥቅምት ላይ አንዴ፣ ግንቦት ላይ አንዴ ያስሞሉ። የ8ኛ ክፍሎቹን ውጤት ያስቀምጡት። 9ኛ ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ያኔ ፍላጎታቸው ቢወርድ ሳይንሱ ነው ወይስ ቋንቋው ብሎ ለመጠየቅ የእርስዎ ወረቀት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት «ሳይንቲስት ሳሉ» ተብለው፣ መነጽር ያደረገ፣ ፀጉሩ የቆመ ፈረንጅ ወንድ ሳለች። ሳይንቲስት መሆን አልፈልግም ማለቷ ነው?

አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። ሥዕሉ የሚያሳየው ሳይንቲስት ሲባል በአእምሮዋ ምን እንደሚመጣ ነው። ምኞቷን አይለካም። ዴቪድ ቻምበርስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 4,807 ልጆች ሥለው፣ ሴት ሳይንቲስት የነበረው 28ቱ ላይ ብቻ ነው። 28ቱንም የሳሉት ሴቶች ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የሚሣሉት ሴት ሳይንቲስቶች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል፤ ልጆቹ ዕድሜያቸው ከፍ ሲል ግን ወንድ መሣል ይበዛል። ስለዚህ 9 ዓመት ጥሩ ጊዜ ነው።

ስለ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ያጫውቷት። ፍኖተ ሰላም የተወለዱ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ናቸው፤ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መርተዋል። ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማም ይንገሯት። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዝያ ተሸካሚ የሆነውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ የመግደል ምርምር የጀመረው ከዚያ ነው። ልጅዎ እንዶድ አይታ ካላወቀች ገበያ ይዘዋት ይሂዱና ታሽተው።

ከዚያ ሌላ ባዶ ወረቀት ይስጧት። የመጀመሪያውን ሥዕል አይጣሉት፤ ሁለቱም ላይ ቀን ይጻፉባቸው።