ፔሌት ስትገዙ መጀመሪያ አመዱን ጠይቁ

በፔሌት ምድጃ ቤት ማሞቅ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ፔሌት ማለት ከሰጋቱራ ተጨምቆ የሚሠራ፣ በከረጢት የሚሸጥ ትንንሽ ማገዶ ነው። ወደ ብርድ አገር አዲስ የገባችሁ፣ ምድጃው ያለበት ቤት የተከራያችሁ ወይም የገዛችሁ ወንድሞችና እህቶች አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፦ «የትኛው ፔሌት ይሻላል?» መልሴ ያው ነው። ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት ከረጢቱን አገላብጡና የአመዱን መጠን ፈልጉ።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ርካሽ አገኘሁ ብዬ ሳልሞክር አንድ ሙሉ ቶን አስመጣሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እሳቱ ደከመ፣ የምድጃው መስታወት ጠቆረ። ፔሌቱ የሚነድበትን ትንሽ የብረት ሳህን ሳወጣው የአየር ቀዳዳዎቹ ድንጋይ በመሰለ ነገር ተደፍነዋል። ምድጃው የተበላሸ መስሎኝ ባለሙያ ጠራሁ። ምድጃው ደህና ነበር፤ ጥፋቱ የፔሌቱ ነው። ያንን ቶን እስክጨርስ ድረስ በየጠዋቱ ሳህኑን ስፍቅ ከረምኩ።

ፔሌት የደረቀ ሰጋቱራ በከባድ ግፊት ተጨምቆ የሚሠራ ነው። እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባል የተፈጥሮ ማጣበቂያ በሙቀቱ ይለሰልስና ራሱ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከሰጋቱራው ንጽህና ነው። የዛፍ ቅርፊት ከበዛበት ወይም አፈርና አሸዋ ከገባበት አመዱ ይበዛል። አሸዋው ደግሞ ከአመዱ ጋር ቀልጦ ይጋገራል። እኔን ያስቸገረኝ ድንጋይ እሱ ነው።

አውሮፓ ያላችሁ ኢኤንፕላስ (ENplus) የሚለውን የፔሌት ጥራት ማኅተም ፈልጉ። ኤ1 ከሆነ አመዱ ከ0.7 በመቶ፣ እርጥበቱ ከ10 በመቶ አይበልጥም። ኤ2 እስከ 1.2 በመቶ አመድ ይፈቅዳል። ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ የፒኤፍአይን (PFI)፣ ማለትም የአሜሪካ የፔሌት ኢንዱስትሪ ማኅበርን፣ ማኅተም እዩ። እዚያ ፕሪሚየም ማለት አመዱ ከ1 በመቶ ያልበለጠ ነው፣ ስታንዳርድ እስከ 2 በመቶ ይደርሳል። ማኅተም ሳይኖረው «ፕሪሚየም» ብቻ በትልቁ የተጻፈበት ከረጢት ግን ሻጩ ለራሱ ያወጣው ስም ሊሆን ይችላል።

ቁጥሮቹ ትንሽ ይመስላሉ። ግን አስሉት። አንድ ሺህ ኪሎ ፔሌት 0.7 በመቶ አመድ ካለው 7 ኪሎ አመድ ይተውላችኋል። 2 በመቶ ከሆነ 20 ኪሎ ነው። ያ ሁሉ በእናንተ እጅ የሚጠረግ ነው። ምድጃው ሳይጠረግ ሲቀር ደግሞ አየር ያጥረዋል፤ የገዛችሁት ሙቀት በጭስ ማውጫው ይሄዳል።

«ከጠንካራ እንጨት የተሠራው የበለጠ ይሞቃል» ሲባል ትሰማላችሁ። ለፍልጥ እውነት ነው፣ ምክንያቱም አንድ ፍልጥ ኦክ ከአንድ ፍልጥ ጥድ በጣም ይከብዳል። ፔሌት ግን ሁሉም ተጨምቆ የተቀራረበ ክብደት ይዟል። እንዲያውም እንደ ጥድ ያሉት ዛፎች ሙጫና ሊግኒን በብዛት ስላላቸው በኪሎ ሲታዩ ትንሽ የበለጠ ሙቀት ይሰጣሉ። ቀለሙም አያታልላችሁ። ጥቁረቱ ከቅርፊት ሊመጣ ይችላል፣ ከዛፉ ዓይነትም ሊመጣ ይችላል።

ዋጋ ስታወዳድሩ በኪሎ አስሉ እንጂ ከረጢት በከረጢት አታወዳድሩ። የአውሮፓው ከረጢት ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ነው፣ የሰሜን አሜሪካው 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ገደማ። እርጥበቱንም አስቡበት። 10 በመቶ እርጥበት ያለው የ15 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 1.5 ኪሎው ውሃ ነው። ለውሃው ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ውሃውን ለማትነን ሙቀታችሁን ታቃጥላላችሁ።

ከረጢቱን ከመክፈታችሁ በፊት ታችኛውን ጥግ ዳብሱት። ዱቄት ተጠራቅሞ ከሆነ ፔሌቱ ተፈርፍሯል ማለት ነው። ዱቄቱ ፔሌቱን ወደ እሳቱ የሚገፋውን ጠመዝማዛ ብረት ያስቸግራል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ያቆመዋል። በጣም ረጃጅም ፔሌትም እዚያው እርስ በርሱ ተደጋግፎ መንገድ ይዘጋል።

አሁን ዋናው ነገር። ቶን ከማዘዛችሁ በፊት ከሁለት ሦስት ዓይነት ጥቂት ጥቂት ከረጢት ግዙ። ምድጃውን በደንብ ጥረጉ፣ የቀረውን ፔሌት አስጨርሱ፣ ከዚያ አንዱን ዓይነት ብቻ ሞልታችሁ ምድጃውን ሳታስተካክሉ ሁለት ቀን አንድዱ። አመዱን አውጥታችሁ መዝኑት፣ ሳህኑን እዩ፣ መስታወቱን እዩ። ሌላውንም በዚያው ልክ ሞክሩት። የምድጃችሁ ጠባይ ከጎረቤታችሁ ይለያል። አንዱ ምድጃ የሚወደውን ሌላው ሊያስቸግረው ይችላል። የወደዳችሁትን ስትይዙ የአየሩን መጠን ለእሱ አስተካክሉት። እሳቱ ደማቅና ንቁ መሆን አለበት።

ስታስቀምጡት ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከዝናብና ከእርጥብ ግድግዳ አርቁት። ውሃ የነካው ፔሌት አብጦ ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናል፣ የሚድን የለውም። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ብቻ አውጡ። ፍም በአመድ ውስጥ ተደብቆ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል ከቤት ውጭ፣ ከሚቃጠል ነገር ርቆ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። በብዛት በተዘጋ መጋዘን ውስጥ የተከማቸ ፔሌት፣ ሳይነድም እንኳ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ሽታ የለውም፤ ሰው ገድሏል። እንዲህ ያለ ክፍል ካላችሁ ሳታናፍሱት አትግቡ፣ ልጆችም አይግቡበት። ምድጃው ባለበት ክፍልና መኝታ ቤት አጠገብ ጋዙን የሚያሳውቅ ማንቂያ ይኑር። ካላችሁም ዛሬውኑ ቁልፉን ተጭናችሁ ይጮህ እንደሆነ ስሙት።